ማሽኑ የት ያለ መሰለው?

በ1971 መገባደጃ ላይ ሦስት መንኮራኩሮች ተከታትለው ማርስ ደጃፍ ሲደርሱ ፕላኔቷ ከዳር እስከ ዳር አቧራ ለብሳ ጠበቀቻቸው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀድማ የደረሰችው የአሜሪካዋ ማሪነር 9 ሥራዋ ከላይ ሆኖ ፎቶ ማንሳት ነበር። ከምድር አዲስ ትእዛዝ መቀበል ስለምትችልም ማርስን እየዞረች አቧራው እስኪረግብ ታገሠች። የሶቪየት ኅብረቶቹ ማርስ 2 እና ማርስ 3 ግን መታገሥ አልተሰጣቸውም። የሚሠሩት ሁሉ አስቀድሞ ተወስኖ ስለተጫነባቸው፣ ሰዓቱ ሲደርስ የያዟቸውን አራፊ መንኮራኩሮች ማዕበሉ ውስጥ ለቀቁ። የማርስ 2 ኖቬምበር 27 ቀን ተከሰከሰ፤ የማርስን መሬት የነካው የመጀመሪያው የሰው እጅ ሥራ ስብርባሪ ሆነ ማለት ነው። የማርስ 3 ዲሴምበር 2 ቀን በደኅና አረፈ፣ 20 ሰከንድ ገደማ ምልክት ላከ፣ ከዚያ ዝም አለ።

በዚህ ዝም ባለው መንኮራኩር ላይ 4.5 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሣጥን መሳይ ሮቦት ተጭና ነበር፤ ስሟ ፕሮፕ-ኤም ይባላል። ጎማ የላትም፤ እንደ በረዶ መንሸራተቻ ያሉ ሁለት እግሮቿን እያነሣች እየጣለች ትራመዳለች። 15 ሜትር በሚሆን ገመድ ከአራፊው መንኮራኩር (ከላንደሩ) ጋር ታስራለች። ከፊቷ ሁለት ዘንጎች ተሰክተዋል፤ ዘንጎቹ ድንጋይ ሲነኩ ወደ ኋላ ትልና በሌላ በኩል ትሞክራለች። የሠሯት በአሌክሳንደር ኬሙርጂያን የሚመሩ መሐንዲሶች ናቸው። እነዚሁ ሰዎች ከአንድ ዓመት በፊት ሉኖኮድ 1 የተባለውን ተሽከርካሪ ጨረቃ ላይ አስኪደዋል። እዚያ ግን ሹፌሮቹ ክራይሚያ ተቀምጠው በካሜራ እያዩ ይነዱ ነበር፤ ትእዛዝ ጨረቃ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ሦስት ሰከንድ አይሞላም። ወደ ማርስ የሚላክ ምልክት ግን እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ያውም መሄጃው ብቻ። ስለዚህ ትንሿ ሮቦት ድንጋይ ሲገጥማት ምን እንደምታደርግ ራሷ እንድታውቅ ተደረገች። የተሸከማት ትልቁ መንኮራኩር ግን ማዕበል ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር። ፕሮፕ-ኤም አንድ እርምጃ ሳትራመድ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ያለውን የማርስ ማረፊያ ታሪክ ሳገላብጥ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ ይኸው ነው፦ ማሽኑ በዚያች ቅጽበት የት ያለ መሰለው? አንዳንዱን አደጋ ያመጣው የብረት መሰበር ወይም የነዳጅ ማለቅ አይደለም። ማሽኑ የታዘዘውን አንድም ሳያጓድል ፈጽሟል፤ ያለበትን ቦታ ግን አላወቀም።

ችግሩን የምታከብደው ራሷ ማርስ ናት። ጨረቃ አየር የላትም፤ ስለዚህ ከላይ እስከ ታች በሮኬት እያበረዱ መውረድ ነው። ምድር ደግሞ ወፍራም አየር አላት፤ ጋሻና ፓራሹት ይበቃል። የማርስ አየር ከሁለቱም የባሰ ነው። ግፊቱ ከምድር አንድ መቶኛ አይሞላም። በሰዓት 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚገባውን መንኮራኩር ለማጋል ይበቃል፣ ለማቆም ግን አይበቃም። የሙቀት መከላከያው ጋሻ አብዛኛውን ፍጥነት ይበላል፤ ከዚያ ፓራሹት ከድምፅ በሚበልጥ ፍጥነት ላይ ይዘረጋል። ያ ሁሉ ሆኖም ማሽኑ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መውደቁን አይተውም። ቀሪዋን ፍጥነት በምን ማጥፋት ይቻላል? እያንዳንዱ ትውልድ የተለያየበት እዚህ ላይ ነው። ከአየሩ ጫፍ እስከ መሬት ያለው ጊዜ ሰባት ደቂቃ ያህል ስለሆነ፣ «መግባት ጀምሬያለሁ» የሚለው ዜና ምድር ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ነገሩ እዚያ አብቅቷል።

በዚህ ረገድ የመጀመሪያዎቹ ባለ ድሎች፣ የአሜሪካ ቫይኪንግ መንኮራኩሮች፣ አርቀው ያሰቡ ብቻ ሳይሆኑ ዕድለኞችም ነበሩ። ቫይኪንግ 1 ጁላይ 4 ቀን 1976፣ አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን በምታከብርበት ዕለት እንድታርፍ ተቀጥሮ ነበር። እናት መንኮራኩሯ ከላይ የላከቻቸው ፎቶዎች ግን የተመረጠው ሜዳ ጭራሽ ሜዳ አለመሆኑን አሳዩ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ጂም ማርቲን በዓሉ ቀርቶ ሌላ ቦታ እንዲፈለግ ወሰኑ። ፖለቲከኛ በሚጠብቀው ቀን ላይ እንዲህ ብሎ መወሰን ቀላል አይመስለኝም። ጁላይ 20 ቀን በሦስት እግሮቿ ቆመች። ከላይ የነበረው ካሜራ ቤት የሚያህል ቋጥኝ እንኳ መለየት አይችልም ነበርና፣ ከስምንት ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ድንጋይ ተጋድሞ መገኘቱ የታወቀው ካረፈች በኋላ ነው። «ቢግ ጆ» አሉት። ወደዚያ ትንሽ ዞር ብላ ብትወርድ ኖሮ የቫይኪንግ 1 ታሪክ እዚያው ያበቃ ነበር።

ከቫይኪንግ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ማርስ ላይ ያረፈ ነገር አልነበረም። በ1997 ፓዝፋይንደር ስትመጣ ገንዘቡ ጥቂት፣ ሐሳቡ ደፋር ነበር፦ በኤርባግ ጠቅልሎ መጣል። ቢያንስ 15 ጊዜ ነጠረች፣ ተንከባለለች፣ ቆመች፤ ከውስጧም 10.6 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ሶጆርነር ወጥታ ማርስ ላይ የሄደች የመጀመሪያዋ ሮቨር ሆነች። የኤርባግ ብልሃት ስለ ቦታው ብዙ አለመጠየቁ ነው፤ ድንጋይ ላይም ይውደቅ ሜዳ ላይ፣ ይነጥራል። በ2004 ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ በዚሁ መንገድ ወርደዋል። ለ90 ቀን የታሰበችው ኦፖርቹኒቲ እስከ 2018 ሠርታ ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች። ሮቨሮቹ ግን እያንዳንዳቸው ከ180 ኪሎ ብዙም አያልፉም፤ ከዚያ በላይ ሲከብድ ኤርባጉ ይቀደዳል።

በፓዝፋይንደርና በእነዚህ ሁለት ሮቨሮች መካከል የተፈጸመው ውድቀት ረጋ ተብሎ መታየት አለበት። ዲሴምበር 3 ቀን 1999 ማርስ ፖላር ላንደር ወደ ደቡብ ዋልታ አቅራቢያ መውረድ ጀመረች፤ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ አልተሰማም። ጊዜው የናሳው አለቃ ዳንኤል ጎልዲን «ፈጣን፣ የተሻለ፣ ርካሽ» የሚል መርሕ ያወጡበት ነው። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል መንኮራኩሯ እየወረደች መረጃ እንድታስተላልፍ አልተደረገም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፤ ማሽኗ ስትጠፋ የጠፋችበት ምክንያትም አብሮ ጠፋ። መርማሪዎቹ የሄዱት እንደ እርሷ ተደርጋ ወደ ተሠራችው፣ ምድር ወደ ቀረችው እኅቷ ነው። የታጠፉት እግሮች ከመሬት 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በስፕሪንግ ይዘረጋሉ። እግሮቹ ላይ መሬት መንካታቸውን የሚናገሩ ሴንሰሮች አሉ። በሙከራው ላይ እግሩ ተዘርግቶ ቀጥ ሲል የሚፈጠረው ንዝረት ሴንሰሩን ለቅጽበት ያነቃውና «ነክቻለሁ» ያሰኘዋል። ፕሮግራሙ ይህን መዝግቦ ይይዛል፤ የሚሰርዘው መስመር ግን አልተጻፈም። 40 ሜትር ሲቀር ፕሮግራሙ «ነክተናል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል፤ መልሱ ተመዝግቦ ቆይቶታል። ሞተሩን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት መምታት ነው። ይህ ከሁሉ በላይ ሊሆን የሚችለው ምክንያት ተብሎ ተወሰደ። እኅቲቱ ደግሞ ከመጋዘን ወጥታ፣ ስሕተቷ ታርሞላት፣ ፊኒክስ ተብላ በ2008 በሰሜን ዋልታ አካባቢ በሰላም አረፈች።

እንዲህ ያለው ነገር አንዴ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንድ ፕሮግራመር መዘናጋት ብለን በተውነው። ኦክቶበር 19 ቀን 2016 ግን የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ስኪያፓሬሊ በፓራሹት ተንጠልጥላ እየወረደች ሳለ፣ መወዛወዟ ከተገመተው በላይ ሆነና ሽክርክሪት የሚለካው መሣሪያ ከአቅሙ በላይ ተሞላ። የቆየው አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ኮምፒውተሩ በዚያች ሰከንድ የተሳሳተውን ቁጥር ይዞ ከፍታውን ሲያሰላ ከዜሮ በታች አገኘ፤ መንኮራኩሯ ከመሬት በታች ናት እንደ ማለት። 3.7 ኪሎ ሜትር ከፍ ብላ በአየር ላይ ሳለች ፓራሹቱን ጣለ፣ ሞተሮቹን ሠላሳ ሰከንድ ያህል ማንደድ ሲገባው ሦስት ሰከንድ ብቻ አነደደ፣ ከዚያም ያረፈ ማሽን የሚሠራውን ሥራ ጀመረ። በሰዓት 540 ኪሎ ሜትር መሬቱን መታች። እኔን የሚገርመኝ ራዳሩ በትክክል ይሠራ መኖሩ ነው። «ከመሬት በታች ሆኜ ራዳሬ መሬቱን ከሥሬ እንዴት ያያል?» ብሎ የሚጠይቅ መስመር ቢኖር ይበቃ ነበር። ስኪያፓሬሊ ግን እንደ ፖላር ላንደር ዝም ብላ አልሞተችም፤ እስከ መጨረሻው መረጃ ስትልክ ስለነበር የሆነው ሁሉ በወራት ውስጥ ታወቀ።

የእንግሊዞቹ ቢግል 2 ነገር የተለየ ነው። በ2003 የገና ዕለት ወርዳ ጠፋች። ተከስክሳለች ተባለ፤ የሐሳቡ አባት ኮሊን ፒሊንጀርም ይህንኑ ሲሰሙ ኖረው በሜይ 2014 ዐረፉ። ከስምንት ወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 2015፣ ማርስን ከሚዞር የናሳ መንኮራኩር በተነሣ ፎቶ ላይ ተገኘች፤ ማረፉን በደኅና አርፋለች። የሶላር ሰሌዳዎቿ ግን በሙሉ አልተዘረጉም፤ ከሥራቸው ያለው አንቴና ካልተገለጠ ደግሞ መናገር አትችልም። ለእንግሊዞች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ላም አለኝ በሰማይ ሆና ቆየች።

ናሳ አንድ ቶን የሚጠጋውን ሮቨር ኪዩሪዮሲቲን ለመላክ ሲነሣ የቀድሞዎቹ መንገዶች በሙሉ ተዘጉ። ኤርባጉ አይችለውም። በእግር በሚቆም ላንደር ጀርባ ላይ ቢጫን ደግሞ ከላይ ይከብድና ተዳፋት ላይ ይገለበጣል፤ ቢተርፍም በመወጣጫ መውረድ አለበት። በአዳም ስቴልትዝነር የሚመራው ቡድን ያመጣው መፍትሔ ሲሰሙት እብደት ይመስላል፦ ሞተሮቹን ከላይ አድርጎ ሮቨሩን በገመድ ማንጠልጠል፣ በገዛ ጎማው ላይ ማስቀመጥ፣ ገመዱን ቆርጦ ሞተሮቹን ርቀው እንዲከሰከሱ መላክ። ስካይ ክሬን አሉት። ኦገስት 6 ቀን 2012፣ ጌል በሚባለው ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ፣ 899 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ሮቨር ሰው ከሚራመድበት ባነሰ ፍጥነት መሬት ነካ።

ከገመዱ ይልቅ እኔን የሚያስደስተኝ ማሽኑ ማረፉን ያወቀበት መንገድ ነው። በጎማዎቹ ላይ መሬት ነካሁ የሚል ሴንሰር የለም። ከላይ ያሉት ሞተሮች ሮቨሩን ተሸክመው ሳለ የሚያስፈልጋቸው ጉልበት ይታወቃል፤ ሮቨሩ መሬት ላይ ሲያርፍ ሸክሙ ይቀልና ሞተሮቹ በራሳቸው ይለዝባሉ። ጉልበቱ ወርዶ በዚያው ከጸና ማሽኑ አርፌያለሁ ይላል፤ ለቅጽበት ብቻ ብልጭ ያለ ምልክት አይበቃውም። የፖላር ላንደርን እግር ያሰበ ሰው እንደዚህ ይሠራል።

አሁንም ግን ማሽኑ ከሥሩ ያለውን መልክዐ ምድር አያይም ነበር። የኪዩሪዮሲቲ ማረፊያ ተብሎ የተሰመረው ክልል 20 ኪሎ ሜትር በ7 ነው፤ በዚያ ክልል ውስጥ የትም ቢወርድ መትረፍ አለበት። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ የሚጓጉለት ገደልና ቋጥኝ የበዛበት ቦታ ይቀርና ሜዳ ይመረጣል። ጥንታዊ የወንዝ ዴልታ ያለበት ጄዜሮም በዚሁ ምክንያት ሲታለፍ ቆይቷል። ቀጣይዋ ሮቨር ፐርሴቬራንስ በዚያው በስካይ ክሬን ስትላክ የተጨመረላት ካሜራና ካርታ ነው። በፓራሹት እየወረደች ከሥሯ ያለውን መሬት ታነሣለች፣ ቀድሞ ከተጫነላት ካርታ ጋር ታመሳክራለች፣ የት እንዳለች ታውቃለች፣ ከዚያ ልትደርስባቸው ከምትችላቸው ቦታዎች ደኅናውን ትመርጣለች። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2021 ጄዜሮ ላይ አረፈች። ምልክቱ ምድር እስኪደርስ 11 ደቂቃ ከሰከንዶች ፈጅቷል፤ ቦታውን ስትመርጥ የጠየቀችው ሰው የለም።

ከሦስት ወር በኋላ ቻይና 240 ኪሎ ግራም የምትመዝነውን ዡሮንግን ዩቶፒያ በሚባለው ሜዳ አሳረፈች። ላንደሩ ከመሬት 100 ሜትር ያህል ላይ ቆሞ ሥሩን እያየ ደኅና ቦታ መረጠ። ብዙዎች በወደቁበት በመጀመሪያ ሙከራ መሳካቱ ቻይናዎች የሌሎቹን ስሕተት አጥብቀው እንዳጠኑ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

አውሮፓውያን አሁንም ወረፋ ላይ ናቸው። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የተባለው ሮቨራቸው 35 ሜትር ስፋት ባለው ፓራሹት ይወርዳል። በ2019 ሲሞከር ፓራሹቶቹ ከከረጢታቸው ሲወጡ ተቀደዱ፤ የከረጢቱ አሠራርና አስተጣጠፉ ተለውጦ ችግሩ ተቃለለ። ከዚያ በ2022 የዩክሬን ጦርነት መጣና ካዛቾክ የተባለው የሩሲያ ማረፊያ መድረክ ከዕቅዱ ወጣ። አዲሱ መድረክ በእንግሊዝ እየተዘጋጀ ነው፤ ማብረጃ ሞተሮቹ ከአሜሪካ ይመጣሉ፤ ጉዞው በ2028 እንዲጀመር ታቅዷል።

ሰው ማርስ ላይ ማሳረፍን የሚያስቡ መሐንዲሶች በአንድ ጊዜ ቢያንስ 20 ቶን ማውረድ እንደሚያስፈልግ ያሰላሉ። ለዚያ ፓራሹትም ስካይ ክሬንም አይሆኑም። የቀረው ከድምፅ በሚፈጥን ጉዞ ላይ ሳሉ ሞተር ወደ ፊት አንድዶ ማብረድ ነው። ስፔስኤክስ ሮኬቶቹን ወደ ምድር ሲመልስ ቀጭን አየር ባለበት ከፍታ ላይ ይህንኑ ስለሚያደርግ፣ ናሳ በ2014 እሳቱን በኢንፍራሬድ ካሜራ እየቀረጸ ለማርስ የሚሆን መረጃ ሰብስቧል። ማርስ ላይ በዚህ መንገድ ያረፈ ግን የለም። እስከ ዛሬ እዚያ ከቆሙት ሁሉ ከባዷ ፐርሴቬራንስ ስትሆን ክብደቷ 1,025 ኪሎ ግራም ነው።