የሃቫና በርሜሎች

«ሰፈሩ ቆሻሻ ስለሆነ ነው ትንኝ የበዛው» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። የሃቫናን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ግን ይቺ አባባል ትጎረብጠኛለች።

እ.ኤ.አ. በ1898 አሜሪካኖች ስፔንን አሸንፈው ኩባን ሲይዙ ከጥይት ይልቅ ያስጨነቃቸው ቢጫ ወባ ነበር። የከተማዋን ጤና እንዲጠብቅ የተሾመው የጦር ሐኪም ዊልያም ጎርጋስ መንገዱን አስጠረገ፤ ቆሻሻውን አስነሳ። ሃቫና ፏ አለች። እ.ኤ.አ. በ1900 ግን በሽታው ጭራሽ ባሰበት!

የሚያስቆጨው መልሱ እዚያው ከተማ ውስጥ ሃያ ዓመት ገደማ ቁጭ ብሎ መጠበቁ ነው። ካርሎስ ፊንላይ የተባለ ኩባዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1881 የሃቫና ሳይንስ አካዳሚ ፊት ቆሞ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ተናግሮ ነበር። ማን ይስማው? እውነት ለመናገር ሙከራዎቹም አላሳመኑም። ትንኟ በሽተኛ ነክሳ ሌላ ሰው ለማስያዝ ሁለት ሳምንት ገደማ እንደሚያስፈልጋት አላወቀማ።

እ.ኤ.አ. በ1900 በዋልተር ሪድ የሚመራ የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች ቡድን መጣ። ፊንላይ የትንኝ እንቁላል ሰጣቸው። ከቡድኑ አባላት አንዱ ጄሲ ላዚር በዚያው ዓመት በቢጫ ወባ ሞተ። ቀጥሎ ሁለት ትንንሽ ቤቶች ተሠሩ። በአንደኛው ፈቃደኞች በሽተኛ ያስመለሰበት አንሶላ ላይ ሃያ ሌሊት አደሩ፤ አንድም ሰው አልታመመም። ሁለተኛው ንጹሕ ነበር፤ መሃሉን የሽቦ ወንፊት ይከፍለዋል። ትንኞቹ ካሉበት በኩል የተኛው ታመመ፣ ከወንፊቱ ማዶ የነበሩት ደህና ሆኑ። (በሙከራው ለተካፈሉ ስፔናውያን ስደተኞች 100 ዶላር፣ ከታመሙ ደግሞ ሌላ 100 ይከፈል ነበር። ውል ፈርመዋል። ችጋር ያስፈረመውን ውል «ፈቃድ» ለማለት ግን አፌ አይታዘዝልኝም።)

ጎርጋስ ከዚያ በኋላ መጥረጊያውን ትቶ በርሜል ፍለጋ ገባ። ይቺ ትንኝ ረግረግ አትወድም፤ እንቁላሏን የምትጥለው ሰው ቤቱ ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ላይ ነው። ተቆጣጣሪዎች ቤት ለቤት ዞሩ። የማይከደነው ውሃ ላይ ላምባ ፈሰሰ፤ በሽተኞች በወንፊት ተጋረዱ። ዘመቻው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1901 መጀመሪያ ነው፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሃቫና ከቢጫ ወባ ነጻች።

ይህን ሁሉ የማወራው ያቺው የትንኝ ዝርያ ድሬዳዋም ስላለች ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊን፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያን ያዛመተችው እሷ ናት። በ2022 ለድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ ተጠያቂ የሆነችው ከእስያ የመጣች ሌላ ትንኝም የምትራባው እንደዚሁ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው። ቧንቧ እየጠፋ በሚመጣበት ከተማ እናቶች ውሃ ቢያጠራቅሙ ምን ይፈረድባቸዋል? «በርሜልሽን ድፊው» ብሎ መምከር ቀላል ነው።

የሃቫናዎቹ ተቆጣጣሪዎች እንኳ ውሃው ይደፋ አላሉም። በርሜሉን በእንጨት ከደኑት፣ የዝናብ ውሃ ማስገቢያውን ቀዳዳ በሽቦ ወንፊት ሸፈኑት፣ ከታች በኩል ደግሞ መቅጃ ቧንቧ ገጠሙለት።