የያፋ ባለጀልባዎች

ነቢዩ ዮናስ ወደ ተርሴስ ለመኰብለል መርከብ ያገኘባትን ኢዮጴን ከመጽሐፍ ታውቋታላችሁ። ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ የተቈረጠው የሊባኖስ ዝግባ በባሕር ተንሳፎ የደረሰው በዚህችው ከተማ በኩል ነው። ዛሬ ያፋ የምትባለው እርሷ ናት። ስለ ጥንታዊነቷ ብዙ ተጽፏል፤ ለብዙ ዘመን የኢየሩሳሌም በር ሆና ስትኖር ትልቅ መርከብ አስጠግታ የምታሳርፍበት ወደብ ያልነበራት መሆኑን ግን የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው።

በከተማዪቱ ፊት፥ ከባሕሩ ዳር ጥቂት ራቅ ብሎ፥ የዐለት ረድፍ ተዘርግቷል። ጀልባ የሚያልፍበት ክፍተት ጠባብ ነው። ስለዚህ በእንፋሎት የሚሄደው ትልቁ መርከብ ከዐለቱ ውጭ በግልጹ ባሕር ላይ መልሕቁን ይጥላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የመርከቡ አዛዥ ሳይሆን የያፋ ዐረቦች ባለጀልባዎች ነበር።

እንግዲህ በ1891 ዓ. ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) የሆነውን ተመልከቱ። አልቤርት ባሊን የተባለው የሐምቡርግና አሜሪካ መርከብ ኩባንያ ሥራ መሪ፥ በብርዱ ወራት አትላንቲክን የሚሻገር መንገደኛ ስለሚያንስ ትልቁ መርከብ ሥራ ፈትቶ መቆሙ ይቈጨው ነበር። ስለዚህ «አውጉስታ ቪክቶሪያ» የተባለችውን መርከብ በጥር ወር 241 ሰዎች አሳፍሮ በሜዲቴራኒያን ባሕር ለሁለት ወር ያህል ሽርሽር ላካት። ያፋም ከማረፊያዎቿ አንዷ ነበረች። ሐሳቡ ብልኅ ነው፤ ነገር ግን የምዕራቡ ነፋስ የያፋን ባሕር የሚያናውጠው በእነዚሁ ወራት መሆኑን ልብ በሉ። ዝነኛው የያፋ ብርቱካን የሚለቀመውና በጀልባ ወደ መርከብ የሚጋዘውም በዚሁ ጊዜ ነበር። እንግዳውም ብርቱካኑም የሚመጡት ባሕሩ ሲቈጣ ነው ማለት ነው።

አወራረዱ እንዲህ ነበር። ጀልባው ከመርከቡ ጎን ተጠግቶ ከማዕበሉ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ተሳፋሪው በጎን በተንጠለጠለው ደረጃ ወርዶ ከመጨረሻው እርከን ላይ ይቆማል። ማዕበሉ ጀልባውን ከፍ ባደረገበት ቅጽበት ካልተራመደ፥ ወዲያው በእግሩ ሥር ገደል ይከፈታል። ስለዚህ ባለጀልባዎቹ የመንገደኛውን ፈቃድ አይጠይቁም፤ ጌታም ቢሆን እመቤት፥ ብብቱን ይዘው እንደ ሻንጣ ለታች ያቀብሉታል። ከዚያም በአንድ ድምፅ እየዘመሩ ይቀዝፋሉ፤ ከዐለቱ በር ሲደርሱ ዝም ብለው ማዕበሉን ይጠባበቃሉ፤ ምቹው ሲመጣ በሙሉ ኀይላቸው ቀዝፈው በጀርባው ላይ ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጉምሩክ ነው፤ ስለ ጉምሩክ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ነፋሱ ከበረታ ግን መርከቡ መንገደኛውን እንደ ጫነ ወደ ቤሩት ወይም ወደ ፖርት ሰይድ ያልፋል። ኢየሩሳሌምን ለማየት ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የመጣው ሰው የከተማዪቱን ቤቶች በዐይኑ እያየ ይርቃታል።

ጀልበኞቹ በዋጋ ያስጨንቃሉ ተብለው ብዙ ተወቅሰዋል። ወቀሳው ሐሰት ነው አልልም፤ ነገር ግን በዚያ ዐለት መካከል የሰው ነፍስ ተሸክሞ የሚያልፍን ሰው ዋጋ ከባሕር ዳር ቆሞ መተመን ቀላል ነው። ለአገር ጐብኚዎች ጒዞ የሚያሰናዳው የእንግሊዙ ቶማስ ኩክ ድርጅት ክርክሩን ለማስቀረት የራሱን ጀልባዎችና ቀዛፊዎች አቆመ። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልም ደግሞ በ1898 ሲመጣ ያፋን ትቶ ለእርሱ መውረጃ በተሠራለት በሐይፋ ወረደ።

እነዚህ ሰዎች ኀይላቸውን ያውቁት ነበር። በ1908 ኦስትሪያ ቦስኒያን ወደ ግዛቷ በቀላቀለች ጊዜ የያፋ ባለጀልባዎች የኦስትሪያን መርከቦች ዕቃ አናወርድም አሉ። በሚያዝያ 1936 ደግሞ የፍልስጥኤም ዐረቦች ታላቁ የሥራ ማቆም አድማ ሲጀመር ያፋ ተዘጋች። ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ወደ ስደት ሲሄዱ ከእንግሊዝ የጦር መርከብ በሐይፋ የወረዱት በዚያው ግንቦት ነው። ሐይፋ በ1933 የተከፈተ ጥልቅ ወደብ ነበራት። የያፋ ጎረቤት ቴል አቪቭም በዚያው በግንቦት 1936 ከእንጨት የራሷን ማራገፊያ ሠራች። ስድስት ወር የቈየው አድማ ሲያበቃ ሥራው ከሁለት ተከፍሎ ቈየ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የ1948ቱ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ጦርነቱ ወደ ያፋ በቀረበ ጊዜ፥ ሰባ ሺህ ያህል ከነበረው ዐረብ ነዋሪዋ በከተማዪቱ የቀረው አራት ሺህ ያህል ብቻ ነበር። ከሸሹት ብዙዎቹ ወደ ጋዛና ወደ ሊባኖስ የሄዱት በባሕር ነው። ለዘመናት እንግዳ ወደ ምድር ሲያወርድበት የኖረው ዳርቻ የገዛ ከተማውን ሰዎች ወደ ባሕር አወጣ።

በ1965 ከያፋ በስተ ደቡብ የአሽዶድ ወደብ ሲከፈት ያፋም ቴል አቪቭም ለንግድ መርከብ ተዘጉ። ዛሬ በአሮጌው ወደብ የሚታዩት የዓሣ አጥማጆችና የመዝናኛ ጀልባዎች ናቸው፤ ዐለቶቹም ከፊታቸው አሉ።