ከግፊቱ በፊት ምቱ፦ የቡታጅራው የጫት ጥናት ዳግም ሲነበብና ለወሎ የሚያነሣው ጥያቄ

በእረፍት ጊዜ ልቡ ፈጥኖ የሚመታ ሰው ለልብ ሕመምና ለሞት ይበልጥ እንደሚጋለጥ የአሜሪካው የፍራሚንግሃም የልብ ጥናት ተመራማሪዎች በ1987 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። 5,713 ወንዶችን የተከታተለው የፓሪስ ጥናትም (2005 እ.ኤ.አ.) የእረፍት ምታቸው በደቂቃ ከ75 የሚበልጥ ሰዎች በልብ ሕመም በድንገት የመሞት አደጋቸው ከፍ ያለ መሆኑን አረጋግጧል። በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው የአገራችን ማስረጃ በተነበበበት መንገድ ላይ ነው።

በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው የቡታጅራ ጥናት 334 ዘወትር ቃሚዎችን ከ330 የማይቅሙ ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። ርዕሱ የታችኛውን የደም ግፊት ይዟል፤ ጽሑፉም የሚታወሰው በዚያው ነው። ግፊቱ በቃሚዎች 75.0፣ በማይቅሙት 72.9 ነበር፤ ሁለቱም የከፍተኛ ግፊት መለያ ከሆነው ከ90 እጅግ በታች ናቸው። የልብ ምቱ ግን 76.3 እና 73.9 ነበር። በግፊቱ በኩል ሁለቱም ወገኖች በአማካይ ጤነኛ ናቸው፤ በምቱ በኩል ግን የፓሪሱ 75 በመካከላቸው ያልፋል። ርዕስ መሆን የሚገባው ይህ ቁጥር ነበር።

ምክንያቱ ከሰውነት አሠራር ይመነጫል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ኖርአድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን እያስለቀቀ ልብን ያጣድፋል። የግራው የልብ ክፍል ጡንቻ ደሙን በዋናነት የሚያገኘው ልብ ሲላላ ነው፤ ምቱ በፈጠነ ቁጥር ይህ ጊዜ ያጥራል፣ የጡንቻው ሥራ ግን ይጨምራል። በዚያ ላይ የልቡ የደም ቧንቧ የጠበበ ከሆነ አደጋው ግልጽ ነው። የየመን ሐኪሞች በ2005 እ.ኤ.አ. 100 የልብ ድንገተኛ ሕመምተኞችን ከ100 ሌሎች ጋር አነጻጽረው፣ ቃሚዎች ይበልጥ እንደሚጠቁና አብዝቶ በሚቅም ሰው ላይ አደጋው እንደሚከፋ አግኝተዋል።

የሲግኒፋይ ሙከራ (2014 እ.ኤ.አ.) ምትን በሚያዘገየው መድኃኒት በኢቫብራዲን መቀነስ ለልብ ሕመምተኞች አልጠቀመም ይባላል። ልክ ነው፤ ነገር ግን ያ ሙከራ ቀድሞውኑ የታመሙትን ልብ አዘገየ እንጂ ልብን የሚያጣድፈውን ነገር አላስቀረም። ምትን የሚያፈጥነው የቦታው ከፍታ ነው የሚልም ይኖራል፤ የወሎዎቹ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸውና። መልሱ አጭር ነው፦ በደሴ አጠገብ ያለችውን የገራዶን ቃሚ ከገራዶው የማይቅም ጎረቤቱ ጋር ያነጻጸረ ሰው ከፍታን ከሒሳቡ አውጥቷል።

የቡታጅራው ጥናት የአንድ ወቅት ልኬት በመሆኑ መንስኤና ውጤትን አይለይም፤ ከጫት ጋር የሚጨስ ሲጋራም ለብቻው መታየት አለበት። ይህ ጥንቃቄ ግን ለዝምታ ሰበብ አይሆንም። በወሎ ጫት የበርጫ ብቻ አይደለም፤ በወዳጃና በዱዓ የጸሎት ስብሰባዎችም ከቡናው ጋር ይቀርባል። ስለዚህ «ጫት ትቅማለህ?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ሳያሳፍር፣ እንደ ዕድሜና ክብደት በእኩል ድምፅ ሊጠየቅ ይችላል፣ ይገባልም።

የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። በገራዶ፣ በደሴና በኮምቦልቻ የጤና ተቋማት ሕመምተኛው ለአምስት ደቂቃ ተቀምጦ ምቱ ይቆጠር፤ ከምቱ ጎን መጨረሻ የቃመበት ሰዓት፣ የጠጣው ቡናና ያጨሰው ሲጋራ ይጻፍ። ደረቱን ይዞ ለሚመጣ ሕመምተኛም ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት ከቃመበት ሰዓት ጋር ይመዝገብ። የወሎ ተመራማሪዎች ከሌላ አገር የተቀዳ ወሰን ሳይጠብቁ የራሳቸውን ወሰን የሚያወጡት ከዚህ መዝገብ ነው።