ጓሳ፤ አጥር የሌለው የመንዝ ጓሮ

ታሪካዊ ቤትን ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ግንቡን፣ ቀጥሎም በግንቡ ዙሪያ የተተከለውን አትክልት ነው። በመንዝ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ከመንዝ የተነሣው የነጋሲ ክርስቶስ ዘር መቀመጫውን ከጊዜ በኋላ ወደ አንኮበር አሻግሯል፤ የመንዝ ገበሬ ቤቱን ሲከድንበት የኖረው ሰፊ ጓሮ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ይኸውም ጓሳ ነው።

ስፍራው ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ከ3200 ሜትር በላይ ባለው ውርጫማ ደጋ ላይ የሚበቅለው የጓሳ ሣር ረጅምና ጽኑ ስለሆነ የድንጋዩን ቤት ይከድናል፤ ሲገመድም ጭነት ያስራል። ከሣሩ መካከል የሚለቀመው ጨረንፌ ምድጃ ያሞቃል። ዛፍ በብርቱ በተመናመነበት አገር ይህ ሁሉ የኑሮ መሠረት እንጂ የዓይን ማረፊያ ብቻ አልነበረም።

ስለዚህም ሕዝቡ ቄሮ የተባለውን ሥርዓት ዘረጋ። የአስቦና የጌራ ወገኖች በየፊናቸው አባ ቄራ ይመርጡ ነበር። አባ ቄራው ጓሳን ያስጠብቃል፤ ሣሩ እስኪጠና ድረስም አንዳንዴ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ዘግቶ ያቆየዋል። የመክፈቻው ቀን የሚቆረጠው በበጋው፣ ድርቁ ሲበረታ ነው። ቀኑ ከታወጀ በኋላ ባለ መብቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ከዕለቱ በፊት የገባ ሌባ ነው፤ በዕለቱ የቀረ ደግሞ ቤቱ ሲያፈስ የሚወቅሰው ራሱን ነው። አጨዳው ሲያበቃ ከብቱ ይሰማራል፤ ክረምቱ ሲገባ ሰውም ከብትም ይወጣና ጓሳ እንደገና ይዘጋል። የእጽዋት ምሁር ሳያማክር እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣ ገበሬ አድናቆት ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱን ያለ እንከን አድርጎ መሳል ታሪክን ማጉደፍ ይሆናል። የጓሳ መብት የአጽመ ርስት መብት ነበር። ከአስቦ ወይም ከጌራ መወለዱን ያላስመሰከረ ሰው የዚያው አገር ኗሪ ቢሆንም እንኳ የሚከድንበትን ሣር ከባለ ርስቱ ፈቃድ ውጭ አያገኝም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ይህ አድልዎ ተሻረ። ከአድልዎው ጋር ግን ጥበቃውም ፈረሰ፤ አባ ቄራ ሥልጣኑን አጣ፣ በሩም ለሁሉም በየጊዜው ክፍት ሆነ። ትላንት የተከለከለው ዛሬ ሲገባ፣ ትላንት የሚጠብቀው ደግሞ ለምን ብቻዬን እቆጠባለሁ ብሎ አብሮት አጨደ። ሣሩም ሳሳ።

የአካባቢው ሕዝብ ጉዳቱን አይቶ ዝም አላለም። ከየቀበሌው ተወካዮች መርጦ ጓሳን እንደገና መዝጋትና መክፈት ጀመረ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን መብቱ የተመሠረተው በዘር ሐረግ ላይ ሳይሆን በኗሪነት ላይ ነበር። በ2000ዎቹ ዓመታትም የአማራ ክልል ስፍራውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ አድርጎ በሕግ አጸናው። ቀይ ቀበሮው ፍልፈሉን የሚያድነው፣ ጭላዳውም በመንጋ የሚግጠው በዚሁ ሣር ውስጥ ነው፤ ከዚያው የሚመነጩት ወንዞች ከፊሎቹ ወደ ዓባይ፣ ከፊሎቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ።

ዛሬ የመንዝ ቤቶች ክዳን ከሣር ወደ ቆርቆሮ እየተለወጠ ነው። አባቶች ጓሳን የጠበቁት ቤታቸው ስለሚፈልገው ነበር፤ ቆርቆሮ የከደነ ገበሬ ደግሞ የመክፈቻውን ቀን የሚጠብቅበት ምክንያት እንደ አባቱ አያስቸኩለውም። ማኅበረሰቡ በጓሳ ላይ ለጎብኚ ማረፊያ ቤት ሠርቶ እንግዳ የሚቀበለውም በዚህ ወቅት ነው።