እንግዳና ባለቤት

ልጆቼ ሆይ፤ እንግዳን አክብሮ መቀበል አንድ ነገር ነው፤ እንግዳውን የቤቱ ባለቤት ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ይህን የተረዳሁት ገና በልጅነቴ ነው። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የሸክላ ሠሪ ልጅ የሆነ ባልንጀራ ነበረኝ። በጸሎት ቤት ከሁላችን ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥ ነበር። በበዓል ቀን ቅዱስ መጽሐፍ ለማንበብ ተራው ሲደርስ ግን፥ አስተማሪዎቹ የወላጆችን ጉምጉምታ ፈርተው ንባቡን ለሌላ ልጅ ሰጡት። እርሱም «ወንበሩን ሰጡኝ፤ መጽሐፉን ነሡኝ» አለኝ።

ይህን ያስታወሰኝ የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው፤ ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1990 ባወጣችው የአገልጋዮች ሥርዓት፥ ተመሳሳይ ጾታን የሚያፈቅር ሰው በቅስና የሚያገለግለው ከእንዲህ ያለው ግንኙነት ርቆ ብቻውን ቢኖር ነው ብላ ደነገገች። በ1991 የተሰበሰበው ጉባኤዋ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች በአጥቢያዎቿ ሕይወት በሙሉ ይሳተፉ ዘንድ እንደምትቀበላቸው አስታወቀ። ሁለቱ ቃሎች ሆድና ጀርባ ሆነው አሥራ ስምንት ዓመት ያህል አብረው ኖሩ። በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኙ ሁለት አጥቢያዎች በ1990 ያለ ፈቃዷ እንዲህ ያሉ ቄሶችን ስለ ሾሙ መጀመሪያ ታገዱ፤ በ1995 መጨረሻ ተሰናበቱ።

በ2009 በሚኒያፖሊስ የተሰበሰበው ጉባኤ በ559 ድምፅ ለ451 ክልከላውን አነሣ። ይህም ያለ ዋጋ አልሆነም። ብዙ መቶ አጥቢያዎች ተለይተው ወጡ። በአገራችንም የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፥ ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ ነው በሚለው እምነቷ ጸንታ፥ በ2013 ከእርሷና ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን የቆየ ኅብረት አቋረጠች።

«የሸክላ ሠሪውን ልጅ ከዚህ ጋር ማስተያየት አይገባም፤ ያ የዘር ንቀት ነው፥ ይህ ግን የመጽሐፍ ትእዛዝ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ልዩነቱን አልክድም። ከእምነት የመጣ ክልከላ ጉምጉምታን ከመፍራት ከመጣው ይሻላል። ሆኖም የተከለከለው ሰው ከወንበሩ ላይ ሆኖ የሚያየው መድረክ ያው ነው።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወሰን አድርጋም ሰውን ልትወድ፥ ልትጸልይለትና ከማዕዷ ልታቀርበው ትችላለች። ይህ እንግዳን መቀበል ነው። «በሙሉ» የሚለውን ቃል ግን ባትናገር ይሻላል፤ ሙሉ ያልሆነውን ሙሉ ማለት ሐሰት ነውና። በዚህ ቃል ታምኖ የገባ ወጣት ዕድሜውን፥ ድምፁንና ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ የተዘጋ በር ቢያገኝ፥ ከዚያ ወዲያ የትኛውን ስብከት ያምናል?

ልጆቼ ሆይ፤ እናንተም ነገ በየቤታችሁና በየሥራችሁ ሰው ትቀበላላችሁ። ወሰን ካላችሁ ገና ከደጃፉ ንገሩት፤ ወሰኑን ካነሣችሁም ዋጋውን ለመክፈል ተዘጋጁ። ያ ባልንጀራዬ አስቀድሞ ተነግሮት ቢሆን ያዝን ነበር፤ ተታለልሁ ግን አይልም ነበር።