ሱስንዮስ በጦር የወጋት ማንን ነው?

ሚያዝያ 26 ቀን በስንክሳር ከሚታሰቡት ሰማዕታት አንዱ ቅዱስ ሱስንዮስ ነው። ስሙ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡትን ዐፄ ሱስንዮስን ነው። ሰማዕቱን በይበልጥ የምታውቀው አራስ ናት። በራስጌዋ በተሰቀለው ጠባብ ብራና ላይ፣ በፈረስ ተቀምጦ አንዲት ሴት በጦር ሲወጋ ታየዋለች።

ይህ ብራና ክታብ ነው። ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ የተፋቁ ጥቂት ቁራጮች በጠፍር ተሰፍተው ይቀጠላሉ። ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጋርድ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል። ደብተራው በመቃ ብዕር ጸሎቱን በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ ቅዱሳት ስሞችንና የባለቤቱን የክርስትና ስም በቀይ ያስገባል። የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የገባባቸው ክታቦችም አሉ። ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር በአንገት ይንጠለጠላል፤ ሕመም ሲጸና ተዘርግቶ በሽተኛው ፊት ይሰቀላል።

በጸሎቱ መካከል ጠልሰሞቹ ይገባሉ። ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች ይሣላሉ። በሰውየው ያደረው መንፈስ በራሱ በበሽተኛው ዓይን ሥዕሉን አይቶ እንዲደነግጥና እንዲወጣ ነው። መርበብተ ሰሎሞን የሚባለው ጸሎት ደግሞ ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ መያዙን ይተርካል። መረቡ የተሠራው ከስሞች ነው። «አስማት» የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው፤ ስሙን ያወቀ ባለስሙን ይይዘዋል የሚለው እምነት በዚህ ቃል ውስጥ አለ።

ቤተ መንግሥትና ቤተ ክህነት ይህን ሥራ ደጋግመው አውግዘዋል። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በጥንቆላና ደስክ በሚባለው አምልኮ ላይ ዘምተዋል። ዜና መዋዕላቸው እንደሚለው ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹ ላይ ደግሞ ሰይጣንንና ደስክን የካደበትን ቃል እንዲጽፍ አዝዘዋል። በሰውነት ላይ የተጻፈ ቅዱስ ስም እርኩሱን እንደሚያርቅ ንጉሡም ያምኑ ነበር። ለዚህ ይመስለኛል ክታብ በአዋጅ ያልጠፋው።

ወደ ሱስንዮስ ጦር ልመለስ። ስለ ተወጋችው ሴት ሁለት ታሪክ አለ፤ ሁለቱም በአገራችን ተጽፈው ይገኛሉ። በስንክሳሩ መሠረት የወጋት የገዛ እኅቱን ነው። ሰይጣን ያሳታት፣ ሕፃን እስከ መግደል የደረሰች ሴት ነበረችና ወንድሟ ገደላት ይላል።

ክታቡ የሚተርከው ሌላ ነው። የሱስንዮስ ሚስት ወንድ ልጅ ወለደች። ውርዝልያ የምትባል ሴት ገብታ ሕፃኑን ገደለችው። እናቱ አለቀሰች፤ ሱስንዮስም ልቅሶዋን ሰምቶ ምክንያቱን ጠየቀ። ነገሩን ሲያውቅ ጦሩን አንሥቶ በፈረሱ ወጣ። በመንገድ ያገኛት አሮጊት አቅጣጫውን ነገረችው፤ ውርዝልያን በአትክልት ስፍራ በአጋንንት ተከብባ አገኛት። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ጸለየ፤ ጎኗንም ወጋት። ልትሞት ስትል ስሙ ወዳለበት ቤት፣ ጸሎቱን ወደ ያዘች ሴትና ወደ ልጇ ላትቀርብ ማለች። ክታቡ እንግዲህ የዚያ መሐላ ሰነድ ነው።

እኔ ከክታቡ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴንም ከሩቅ አገር አመጣለሁ። በግብፅ ባዊጥ በሚገኘው ጥንታዊ ገዳም፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳዊው ዣን ክሌዳ በቁፋሮ ያገኘው የግድግዳ ሥዕል አለ። ሲሲንዮስ የተባለ ፈረሰኛ ቅዱስ አላባስድሪያ የተባለችን ሴት በጦር ሲወጋ ያሳያል። በግሪክ ጽሑፎች ደግሞ የሲሲንዮስ እኅት ሜሊቴኔ ትባላለች። ገሎ የምትባል ጋኔን ልጆቿን በተከታታይ ገደለችባት፤ ወንድሞቿም አሳደው ያዟት። ገሎ ስሞቿን ሁሉ እንድትናገር ተገደደች፤ ስሞቿ ወደ ተጻፉበት ቤት ላትገባም ማለች። ከዚህ ሁሉ በሚቀድመው፣ በጥንቷ መስጴጦምያ በአራማይክ ቋንቋ በሸክላ ሳሕን ላይ በተጻፈው ጸሎትም ስማሚት የምትባል እናት አለች። ልጆቿ እየተገደሉባት ትሸሻለች፤ ስማቸው ሱስንዮስን የሚያስታውስ ረዳቶች ገዳዩን ይከተሉታል።

በግሪኩ ታሪክ ውስጥ እኅቱ ልጅ የሞተባት እናት ናት። በስንክሳሩ ያው እኅት ገዳይ ሆና ቀርባለች። ታሪኩ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር አልቃሿ በገዳይዋ ቦታ የገባች ይመስለኛል። ሰማዕቱን ለማክበር ለተጻፈ ገድል ዋናው ሰማዕቱ ነው፤ እኅቱ ማንም ብትሆን ትርጉሙ አይናጋም። ለክታብ ግን ዋናዋ እናቲቱ ናት። ጸሎቱን የምታስጽፈው፣ በአንገቷ የምታስረው እርሷ ስለሆነች ማን እንዳለቀሰ አልዘነጋም።

ዛሬ ከእጃችን የቀሩት ክታቦች አብዛኞቹ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የተጻፉ ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የጥናት ጉዞ ጎንደር ሲደርስ ብራናዎችን ሰብስቧል። ከጉዞው አባላት አንዷ የነበረችው ዲቦራ ሊፍሺትስ በእነዚህ ጽሑፎች ላይ የሠራችው መጽሐፍ በ1940 ፓሪስ ላይ ታተመ። አይሁዳዊት ነበረችና በ1942 በአውሽቪትስ ናዚዎች ገደሏት። በለንደንም ክታቦች አሉ፤ በአገር ቤት ደግሞ በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይታያሉ።

በእነዚህ ብራናዎች ላይ ከተዘረዘሩት የሕመም ስሞች መካከል ዓይነ ጥላ፣ ባርያ፣ ለጌዎን፣ ቡዳ ይገኙባቸዋል። ሾተላይም አለ፤ ልጅ እየተወለደ የሚሞትባት እናት ሕመም። ይህ ስም ዛሬም በነፍሰ ጡሮች ክትትል ክፍል ይነገራል። ደሟ ኔጋቲቭ የሆነ እናት ፖዚቲቭ ልጅ ስታረግዝ ሰውነቷ የልጁን ደም እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ የሚጎዱት ተከታዮቹ ናቸው። ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ይህን ይከላከላል።

በሳሕን፣ በግድግዳና በብራና ላይ የገዳዩን ስም ስትጽፍና ስታስጽፍ የኖረችው እናት በአንድ ነገር ትክክል ነበረች፤ ልጆቿ አንድ በአንድ የሚሞቱበት ምክንያት እንዳለ፣ ምክንያቱ ከታወቀም እንደሚያዝ ታምን ነበር። ዛሬ ነፍሰ ጡሯ ለመጀመሪያ ክትትል ስትሄድ «የደምሽ ዓይነት ምንድን ነው?» ተብላ ትጠየቃለች። መልሱን የማታውቅ እህት ካለች ሳትመረመር አትመለስ።