ከደቦ ፍርድ ወደ ችሎት፦ «ሃንግ ኤም ሃይ» እና የፎርት ስሚዙ ዳኛ

«ሃንግ ኤም ሃይ» እ.ኤ.አ. በ1968 ለእይታ የበቃ የአሜሪካ የካውቦይ ፊልም ነው። ያዘጋጀው ቴድ ፖስት ሲሆን መሪ ተዋናዩ ክሊንት ኢስትዉድ ነው። ኢስትዉድ በጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ ሦስት ፊልሞች ከገነነ በኋላ በአገሩ በመሪነት የተወነበት የመጀመሪያው የካውቦይ ፊልም ይኸው ነው፤ ማልፓሶ ለተባለው ለራሱ ኩባንያም የበኩር ሥራው ሆኗል።

ታሪኩ በ1889 ኦክላሆማ ውስጥ ይጀምራል። ጄድ ኩፐር የገዛቸውን ከብቶች ወንዝ እያሻገረ ሳለ ዘጠኝ ፈረሰኞች ደርሰው ይከቡታል። ከብቶቹ የተዘረፉ ናቸው፤ ባለቤታቸውም ተገድሏል። ኩፐር በገንዘቡ እንደገዛቸው የሚያሳይ ወረቀት ቢያወጣም የሸጠለት ሰው ራሱ ገዳዩ ስለነበር ወረቀቱ አላዳነውም። በደቦ ፈርደው ዛፍ ላይ ሰቅለውት ይሄዳሉ። ነፍሱ ሳትወጣ የደረሰ ማርሻል (የፌዴራል ሕግ አስከባሪ) ገመዱን ቆርጦ ያወርደውና ከሌሎች እስረኞች ጋር በጋሪ ጭኖ ፎርት ግራንት ወደተባለች ከተማ ይወስደዋል። በዚያም ዳኛ አዳም ፌንተን ንጽሕናውን ካረጋገጠ በኋላ፣ ቀድሞም ሕግ አስከባሪ የነበረ መሆኑን አይቶ የማርሻልነት ባጅ ይሰጠዋል። ከባጁ ጋር ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ፦ የሰቀሉትን ሰዎች ይዞ ለፍርድ ያቅርብ እንጂ አይግደል። ደሙን ሊመልስ የተነሣው ሰው እጁን በሕግ ታስሮ ጠላቶቹን ፍለጋ ይወጣል።

ፎርት ግራንት ለፊልሙ የተፈጠረች ከተማ ናት። ከፌንተን ጀርባ ግን በእውን የኖረ ሰው አለ፤ እርሱም በአርካንሳስ፣ ፎርት ስሚዝ ከተማ ያስቻለው አይዛክ ፓርከር ነው። ፕሬዚዳንት ግራንት በ1875 ሲሾሙት ገና 36 ዓመቱ ነበር። የችሎቱ ሥልጣን ከአርካንሳስ ተሻግሮ «ኢንዲያን ቴሪቶሪ» ይባል የነበረውን፣ ኋላ ኦክላሆማ የሆነውን ሰፊ ምድር ያካልላል። እዚያ የሰፈሩት ቸሮኪ፣ ቾክታው፣ ቺካሶ፣ ክሪክና ሴሚኖል የተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የየራሳቸው ፍርድ ቤት ነበራቸው፤ ነገር ግን መዳኘት የሚችሉት የራሳቸውን ወገን ብቻ ስለነበር ከሌላ አካባቢ የሸሸ ወንጀለኛ ሁሉ መደበቂያ አደረገው። ይህን ክፍተት እንዲደፍኑ ወደ 200 የሚጠጉ ምክትል ማርሻሎች ታዘዙ። በፓርከር ዘመን ከ60 በላይ የሚሆኑት በሥራ ላይ ሳሉ ተገድለዋል።

ምክትል ማርሻሎቹ ቋሚ ደመወዝ አልነበራቸውም። የሚከፈላቸው በያዙት ሰውና በተጓዙት ማይል ልክ ነበር። ተጠርጣሪውን የገደለ ማርሻል ክፍያውን ያጣል፤ የሟቹ ዘመድ ካልተገኘ ደግሞ የቀብሩ ወጪ በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በፊልሙ የሕሊና ጉዳይ የሚመስለው «በሕይወት አምጣ» የሚል ትእዛዝ በፎርት ስሚዝ የእንጀራም ጉዳይ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ባስ ሪቭስ ነው። በባርነት የተወለደው ይህ ጥቁር ማርሻል ከ3,000 በላይ ሰዎችን እንደያዘ ይነገርለታል፤ ሚስቱን በመግደል የተከሰሰውን የገዛ ልጁን ሳይቀር ይዞ ለሕግ አቅርቧል። እንዲህ ያለ ሰው በፊልሙ ውስጥ ቦታ አለማግኘቱ ያስቆጫል።

የፊልሙ ትልቁ ትዕይንት የጅምላ ስቅላቱ ነው። ኩፐር ከያዛቸው መካከል ሁለት ወጣት ወንድማማቾች አሉ፤ ከብት ሰርቀዋል እንጂ ነፍስ አላጠፉም፤ በመንገድ ላይም ጓደኛቸው ኩፐርን ሊገድል ሲሞክር አልተባበሩትም። ኩፐር ይህን እየመሰከረ ምሕረት ቢለምንላቸውም ዳኛው አይሰማውም። በስቅላቱ ቀን ሕዝቡ ልጆቹን ይዞ እንደ በዓል ይወጣል፣ ይጠጣል፣ መዝሙር ይዘምራል። ፖስት ካሜራውን ከዚህ ግርግር አለማንሳቱ ለፊልሙ ክብደት ሰጥቶታል፤ ተመልካቹ የዛፉንና የአደባባዩን ገመድ ለማነጻጸር ይገደዳል። ነገሩ የተጋነነም አይደለም። መስከረም 3 ቀን 1875 እ.ኤ.አ. በፎርት ስሚዝ ስድስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲሰቀሉ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ቆሞ ተመልክቷል።

ከዚያ በኋላ ኩፐር ከዳኛው ጋር ይጋጫል። ፌንተን የሚመልስለት ግዛቲቱ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት እስክትሆን ድረስ የበላይ የሚያየው እንደሌለ፣ እርሱ ካልቀጣ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ወደ ደቦ ፍርድ እንደሚመለስ ነው። በመጨረሻ ኩፐር ባጁን ሊመልስ ይመጣና፣ ከሰቃዮቹ አንዱ የሆነው የተጸጸተው አዛውንት ጄንኪንስ እንዲፈታ ካስደረገ በኋላ የቀሩትን ሁለት ሰዎች የመያዣ ትእዛዝ ተቀብሎ ይሄዳል።

የፌንተን ክርክር ለፓርከር የመጀመሪያዎቹ 14 ዓመታት በትክክል ይሠራል፤ በእነዚያ ዓመታት ከእርሱ የሞት ፍርድ ይግባኝ አልነበረም። ሆኖም ፊልሙ ታሪኩን ባስቀመጠበት በዚያው በ1889 ኮንግረሱ በሞት ለተቀጡ ሰዎች ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ የሚሉበትን ሕግ አወጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ከፎርት ስሚዝ ከመጡለት የሞት ፍርዶች አብዛኞቹን ሻረ፤ ፓርከርም ውሳኔዎቹን በአደባባይ ተቃወመ። በ21 ዓመት ውስጥ 160 ሰዎች ሞት ተፈርዶባቸው የተሰቀሉት 79 ናቸው። በመስከረም 1896 እ.ኤ.አ. ችሎቱ በኢንዲያን ቴሪቶሪ ላይ የነበረውን ሥልጣን አጣ፤ ታሞ የነበረው ፓርከርም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሞተ።